የወኪሉ ፈቃድ የሚነበበው ከመዝገቡ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የመድን ውል ከመግባት በፊት የወኪልን ፈቃድ ስለማጣራት የሚያነሡ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹንም መሠረት የሚነካ ስለሆነ መልሱ ረዘም ብሏል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በሥራ ባልደረባዬ አማካይነት የተዋወቅሁት አንድ የመድን ወኪል ላለፉት ሦስት ሳምንታት ሲመላለስ ቆይቶ፣ ለቤቴ የእሳት አደጋ መድን፣ ለራሴ ደግሞ የሃያ ዓመት የሕይወት መድን እንድገባ አሳምኖኛል። ሰውየው ጨዋ ነው፤ የሚጠየቀውን ሁሉ በትዕግሥት ይመልሳል፤ በአንገቱ ላይ የኩባንያው ዓርማ ያለበት መታወቂያ ያንጠለጥላል፤ ፈቃዱንም በስልኩ ላይ በፎቶ አሳይቶኛል። ባለፈው ሰኞ ግን የመጀመሪያውን ዓመት አረቦን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ «ሂደቱ እንዲፋጠን» በማለት በግል የባንክ ሒሳቡ እንዳስገባለት ጠየቀኝ፤ ያደረገልኝም ቅናሽ እስከ ዓርብ ብቻ የሚቆይ መሆኑን ነገረኝ። ባለቤቴ «መጀመሪያ ፈቃዱን አጣሪ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ባደርግ ያስተዋወቀኝን ሰው የማሳፍር መስሎ ይሰማኛል። ለመሆኑ ፈቃድ የሚጣራው እንዴት ነው? ፎቶውን ማየቴስ አይበቃም ወይ?

ስሜ እንዲገለጽ የማልፈልግ አንባቢ

መልስ፦ የመጨረሻው ጥያቄዎ በአንድ ቃል ይመለሳል፤ አይበቃም። ወኪሉ የሚያሳየው ወረቀት፣ ፎቶ ወይም መታወቂያ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ቢበዛ የሚነግረን በአንድ ወቅት ፈቃድ ተሰጥቶት እንደነበረ ነው። ፈቃድ በየጊዜው የሚታደስ፣ ጥፋት ሲገኝ የሚታገድ፣ ሲብስም የሚሰረዝ ነገር በመሆኑ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ በትክክል የሚያውቀው ፈቃዱን የሰጠው ተቆጣጣሪ አካል፣ የሚታየውም ይኸው አካል በሚይዘው መዝገብ ላይ ነው። ፈቃዱ የተሰረዘበት ሰው ወረቀቱን ሳይመልስ ሊቀር ይችላል፤ በስልኩ ያስቀመጠውን ፎቶ ደግሞ የሚነጥቀው የለም።

በአንድ የመድን ኩባንያ የካሣ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት የገጠመኝን ልንገርዎ። የእንጨት ሥራ ቤቱ በእሳት የወደመበት አንድ ባለሙያ የመድን ሰነዱን በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ መጣ። ዓርማው፣ ማኅተሙና ፊርማው የተሟላ ነበር። የውሉን ቁጥር ወደ ኮምፒዩተሩ ሳስገባ ግን አልቀበል አለኝ፤ ደግሜ ስቆጥረው እኛ ከምንጠቀምበት ቁጥር በአንድ አኃዝ ይረዝማል። ደረሰኙ የኩባንያው ደረሰኝ ነበር፤ በጥራዙ የሚቀረው ቅጂ ግን በሒሳብ ክፍል አልተገኘም። ነገሩ ሲመረመር ሰነዱን የሸጠው ሰው ለስድስት ዓመት በአግባቡ ሲሠራ ቆይቶ የውክልና ውሉ የተቋረጠ የቀድሞ ወኪላችን ሆነ። መታወቂያውንና አንድ የደረሰኝ ጥራዝ ሳይመልስ ቀርቷል፤ ኩባንያውም አልጠየቀውም። ደረሰኙን ባለመሰብሰቡ ኩባንያው ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም የሚለው ክርክር ከአንድ ዓመት በላይ ሲፈጅ ባለሙያው ያለ መሣሪያና ያለ ሥራ ቤት ቆየ። ከመክፈሉ በፊት ለኩባንያው ደውሎ «ይህ ሰው ዛሬ ወኪላችሁ ነው?» ቢል ኖሮ መልሱን በጥቂት ደቂቃ ያገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሐሰተኛ ወኪል በተወራ ቁጥር እኔን የሚያሳስበኝ ከማይታወቀው አጭበርባሪ ይልቅ ትናንት እውነተኛ የነበረው ሰው ነው፤ አነጋገሩም፣ ዕውቀቱም፣ የያዘው ወረቀትም ሁሉ እውነተኛ ነውና።

ወደ ማጣራቱ እንግባ። ከወኪሉ መውሰድ ያለብዎ አራት ነገሮችን ብቻ ነው፦ በመታወቂያው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ስም፣ የፈቃድ ቁጥሩን፣ የሚወክለውን ኩባንያ ስምና እንዲሸጥ የተፈቀደለትን የመድን ዓይነት። ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ ራስዎ ይሂዱት። የተቆጣጣሪውን አድራሻ ወይም የኩባንያውን ስልክ ከወኪሉ የንግድ ካርድ ላይ አይውሰዱ፤ የላከልዎትንም ማስፈንጠሪያ አይጫኑ። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱን የሚመስል ገጽ አዘጋጅቶ የራሱን ስም በዚያ ላይ ማስፈር ለአጭበርባሪ ከባድ ሥራ አይደለም፤ በካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ሲደውሉም «አዎ፣ ወኪላችን ነው» የሚልዎ ጓደኛው ሊሆን ይችላል።

ተቆጣጣሪው አካል ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ የመድን ኩባንያዎችንም ሆነ ወኪሎችንና ደላሎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ በኬንያ ይህንኑ ሥራ ብቻ የሚሠራ የመድን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አለ፤ በብሪታንያ የፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን መዝገቡን በኢንተርኔት ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ክፍት አድርጎታል። በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የፌዴራል ሕግ የመድን ቁጥጥርን ለየክፍለ ግዛቶቹ የተወ በመሆኑ፣ ፈቃዱ የሚጣራው ገዢው በሚኖርበት ክፍለ ግዛት የመድን መሥሪያ ቤት ነው፤ በአንዱ ክፍለ ግዛት ፈቃድ ያለው ሰው በጎረቤቱ ለመሸጥ የዚያንም ፈቃድ መያዝ አለበት። መዝገቡ በኢንተርኔት በማይገኝበት አገር በስልክ፣ በደብዳቤ ወይም በአካል መጠየቅ ይቻላል። የትም ይሁን የት ግን ሐሳቡ አንድ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመውና መቀመጫውን በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ያደረገው ዓለም አቀፍ የመድን ተቆጣጣሪዎች ማኅበር በመሠረታዊ መርሖቹ ውስጥ፣ በመድን ሰጪና በመድን ገቢ መካከል የሚሠራ አገናኝ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው፣ ብቃቱ እንዲረጋገጥና የደንበኛን ገንዘብ የሚጠብቅበት ሥርዓት እንዲበጅ ይጠይቃል።

መዝገቡን ሲያገኙ የስሙን መኖር ብቻ አይተው አይመለሱ። ስም በተለያየ ፊደል ሊጻፍ ስለሚችል በፈቃድ ቁጥሩ ይፈልጉ፤ ከዚያም በቁጥሩ ሥር የሰፈረው ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ የሌላ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የታወቀ ድርጅትን ስምና የምዝገባ ቁጥር ገልብጦ የራስን ስልክ ከሥሩ መጻፍ በብዙ አገሮች ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት የማጭበርበር ዘዴ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የወኪሉ ወይም የድርጅቱ ስልክ ካለ በዚያ ቁጥር ይደውሉና የሚያነሣው የሚያውቁት ሰውዬ መሆኑን ያረጋግጡ። በአንዳንድ አገር ደግሞ የሚመዘገበው እያንዳንዱ ሻጭ ሳይሆን የሚሠራበት የውክልና ድርጅት ነው፤ የሰውየው ስም ስለታጣ ብቻ ሐሰተኛ ነው ከማለት በፊት ድርጅቱን መፈለግ፣ ከዚያም ሰውየው የድርጅቱ ሠራተኛ መሆኑን ከድርጅቱ መጠየቅ ይገባል።

በእርስዎ ጉዳይ በተለይ የምጠረጥረው የመድኑን ዓይነት ነው። የእሳት አደጋ መድን ከንብረት መድን ይመደባል፤ የሃያ ዓመቱ ውል ደግሞ የሕይወት መድን ነው። በብዙ አገሮች ሁለቱ የተለያየ ሥልጠና፣ የተለያየ ፈተናና የተለያየ የፈቃድ ዘርፍ አላቸው፤ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር መሥራት ለኩባንያ እንኳ የማይፈቀድባቸው አገሮች አሉ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሸጥ አይችልም ማለቴ አይደለም፤ የሚችል ከሆነ ግን መዝገቡ ሁለቱንም ዘርፎች ይዘረዝራል። ለንብረት መድን ብቻ የተፈቀደለት ሰው የሕይወት ውል ቢሸጥልዎ ለዚያ ውል ፈቃድ እንደሌለው ሰው ይቆጠራል። የፈቃዱ ማብቂያ ቀንም ከዚሁ ጋር ይታይ፤ ቀኑ ካለፈ «እድሳት ላይ ነው» የሚለውን ምክንያት ጨዋነት በተሞላበት ትዕግሥት ሰምተው፣ እድሳቱ እስኪያልቅ ግን ፊርማዎን ያቆዩ።

ቀጥሎ ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ይደውሉ። ፈቃድ መኖሩ ሰውየው በመድን ሽያጭ ሥራ መሰማራት እንደሚችል ያሳያል፤ የዚህን ኩባንያ ውል ለመሸጥ መወከሉን የሚያውቀው ግን ኩባንያው ነው። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ዛሬ ወኪላችሁ ነው ወይ፤ የእሳትና የሕይወት መድን እንዲሸጥ ወክላችሁታል ወይ፤ አረቦን መቀበል ይችላል ወይ፣ ከቻለስ በምን ዓይነት ደረሰኝ። የመለሰልዎትን ሰው ስምና ቀኑን በማስታወሻ ይያዙ፤ ቢቻል መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ኩባንያው ራሱ በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ያለ መሆኑን ማየት ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከታወቀ ኩባንያ ጋር አንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ስም ይዞ የሚሸጥ የሌለ ኩባንያም ስለሚኖር አይዝለሉት።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን መዝገቡ የፈለገውን ቢል ምክሬ አይለወጥም፤ በግል የባንክ ሒሳቡ አይክፈሉ። የማጣራቱ ውጤት ሁሉ መልካም ሆኖ፣ ሰውየው ፈቃድ ያለውና በኩባንያው የተወከለ ሆኖ ቢገኝም እንኳ በኩባንያው ስም በተከፈተ ሒሳብ ይክፈሉ፤ በደረሰኙም ላይ የኩባንያው ስም፣ የማመልከቻው ወይም የውሉ ቁጥር፣ መጠኑና ቀኑ መጻፉን ይመልከቱ። «ሂደቱ እንዲፋጠን» የሚለው ምክንያት ውኃ አያነሣም፤ በኩባንያው ሒሳብ የገባ ገንዘብ በወኪሉ ሒሳብ ዞሮ ከሚመጣው የሚዘገይበት መንገድ የለም። ገንዘብ በወኪል እጅ መቆየቱ ምን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ ለማየት የሕንድን ሕግ መመልከት ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የመድን ሕግ አረቦኑ አስቀድሞ ካልተከፈለ መድን ሰጪው የአደጋውን ኃላፊነት እንደማይወስድ ደንግጎ፣ ወኪሉ የተቀበለውን አረቦን ከበዓላት ቀን በስተቀር በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ኮሚሽኑን እንኳ ሳይቀንስ፣ ለመድን ሰጪው እንዲያስገባ ያስገድዳል። ገንዘቡ በሰውየው ሒሳብ ላይ ተኝቶ ሳለ ቤትዎ ቢቃጠል ውሉ ጀምሮ ነበር ወይስ አልጀመረም የሚለው ክርክር በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

የዓርቡ ቅናሽ ብዙም አያሳስብዎት። አረቦን የሚሰላው ከቤቱ ዋጋና አሠራር፣ ከዕድሜዎና ከጤናዎ ነው፤ እነዚህ ቅዳሜ ጠዋት አይለወጡም። እውነተኛ የማስተዋወቂያ ቅናሽ ካለም ለኩባንያው ሲደውሉ ይነግሩዎታል።

ስለ ይሉኝታው ጥቂት ልበል፤ ከሁሉም በላይ ሰውን የሚጎዳው እርሱ ይመስለኛልና። ባልደረባዎ ያስተዋወቁዎት ሰውየውን ነው፤ ለፈቃዱ ዋስ አልሆኑም፤ ምናልባትም እርሳቸው ራሳቸው በሌላ ወዳጃቸው በኩል ያወቁት፣ እስካሁንም ካሣ ጠይቀው የማያውቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ካሣ እስካልተጠየቀ ድረስ ሐሰተኛውና እውነተኛው ሰነድ በመሳቢያ ውስጥ ሲቀመጡ አንድ ናቸው። አጭበርባሪም ቢሆን ከመንገደኛ ይልቅ በዘመድና በባልንጀራ በኩል መምጣትን የሚመርጠው ይህን ይሉኝታ ስለሚያውቅ ነው። ወኪሉን ለመጠየቅ ቃል ካጠረዎ «ማንኛውንም ውል ከመፈረሜ በፊት የማጣራት ልማድ አለኝ፤ የፈቃድ ቁጥርዎን ይጻፉልኝ» ማለት ይበቃል። ትክክለኛ ወኪል ቁጥሩን ይጽፋል፤ ሌላው «አላመንሽኝም ማለት ነው?» ይላል።

በመጨረሻም ፈቃድ መኖሩ ምክሩ ለእርስዎ የሚበጅ መሆኑን አያረጋግጥም። በረጅም ጊዜ የሕይወት ውሎች ላይ ወኪሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ኮሚሽን አብዛኛውን ጊዜ ከኋለኞቹ ዓመታት በእጅጉ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ፈቃድ ያለውም ወኪል ከአቅምዎ በላይ የሆነ ውል ሊያቀርብልዎ ይችላል። የማመልከቻ ቅጹን ራስዎ ያንብቡ፤ ባዶ ቅጽ ላይ አይፈርሙ፤ በተለይ የጤና ጥያቄዎቹን ወኪሉ «ይህ ምንም አይደለም» እያለ ከሞላልዎ፣ ነገ የተደበቀ ፍሬ ነገር አለ ተብሎ ካሣው ሲከለከል በፊርማው የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ለመኪናዬ መድን ስፈልግ በማኅበራዊ ሚዲያ ያገኘሁት ሰው «እኔ የአንድ ኩባንያ ወኪል ሳልሆን ደላላ ነኝ፤ ስለዚህ ፈቃድ አያስፈልገኝም» አለኝ። ያቀረበልኝ ዋጋ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከነገሩኝ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ሰነዱንም በዋትስአፕ እንደሚልክልኝ ነግሮኛል። ደላላ ፈቃድ አያስፈልገውም የሚለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ወኪልና ደላላ የሚለያዩት በፈቃድ መኖርና አለመኖር ሳይሆን በማን ወገን እንደሚቆሙ ነው። ወኪል የመድን ሰጪው ሰው ነው፤ ደላላ ግን ከበርካታ ኩባንያዎች የሚስማማውን ፈልጎ የሚያቀርብ፣ በሕግ ዓይንም የደንበኛው ሰው ነው። ከዚህ ልዩነት የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም፦ ለተወከለ ወኪል የተከፈለ አረቦን በብዙ አገሮች ለኩባንያው እንደተከፈለ ሊቆጠር ሲችል፣ ለደላላ የተከፈለው ግን በመካከላቸው የተለየ ስምምነት ከሌለ ኩባንያው እጅ እስኪገባ ድረስ በደንበኛው ኃላፊነት ሊቆይ ይችላል። ተቆጣጣሪዎች ደላላው የደንበኞችን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ እንዲይዝና ለሙያ ስሕተቱ ራሱ መድን እንዲገባ የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ደላላ ነኝ» ያለዎትን ሰው በወኪሎች ሳይሆን በደላሎች መዝገብ ላይ ይፈልጉት፤ «ፈቃድ አያስፈልገኝም» ማለቱ ግን ፍለጋውን አላስፈላጊ ያደረገው ይመስለኛል።

ከፈቃዱ ይልቅ ያሳሰበኝ ዋጋው ነው። በብሪታንያ ፖሊስና የመድን ኩባንያዎች «መናፍስት ደላሎች» እያሉ የሚጠሯቸው ሰዎች የሚሠሩት እንዲህ በማኅበራዊ ሚዲያ በሚወጣ ርካሽ የመኪና መድን ሲሆን፣ ዘዴያቸውም ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ ሰነዱን ራሳቸው ይፈበርኩታል። አንዳንዶቹ ከእውነተኛ ኩባንያ እውነተኛ ውል ይገዙና የመጀመሪያው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ሰርዘው ተመላሹን ለራሳቸው ያስቀራሉ፤ ባለመኪናው የያዘው ሰነድ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ሽፋኑ ግን የለም። ሦስተኛው ለማወቅ እጅግ አስቸጋሪው ነው፦ ውሉ ይኖራል፣ አልተሰረዘም፣ ነገር ግን ዋጋው እንዲቀንስ የአሽከርካሪው ዕድሜ፣ አድራሻ ወይም የቀድሞ አደጋ ታሪክ በሐሰት ተሞልቷል። ለኩባንያው ደውለው «ውሉ አለ?» ብለው ቢጠይቁ «አለ» ይልዎታል። ስለዚህ ጥያቄው «በማመልከቻው ላይ የሰፈሩትን መረጃዎች አንብቡልኝ» መሆን አለበት፤ የልደት ዘመንዎ፣ አድራሻዎና የመኪናው አገልግሎት እርስዎ ከነገሩት ከተለየ የርካሹ ዋጋ ምሥጢር እርሱ ነው። የመኪና መድን በሕግ ግዴታ በሆነበት ሁሉ ደግሞ ጉዳቱ በካሣ መከልከል አያበቃም፤ ሳያውቁት ያለ መድን ሲያሽከረክሩ ተገኝተው ይቀጣሉ።

ጥያቄ፦ ከስምንት ወር በፊት ከአንድ ወኪል የገዛሁት የመድን ውል አለኝ፤ አረቦኑንም በየወሩ ለእርሱ እከፍላለሁ። ሰሞኑን ስሙን በመዝገቡ ላይ ብፈልገው አጣሁት። ክፍያዬን ላቁም? ወይስ እርሱን ልጠይቀው?

መልስ፦ ሁለቱንም ለጊዜው ያቆዩ። መጀመሪያ የሚደወለው ለኩባንያው ነው። የውሉን ቁጥር ሰጥተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ውሉ በስምዎ ተመዝግቦ የጸና ነው ወይ፤ እስከ የትኛው ወር አረቦን ደርሷቸዋል፤ በመዝገባቸው የውሉ ወኪል ማን ተብሎ ተጽፏል። መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ።

ከሦስት ነገር አንዱን ይሰማሉ። ውሉ ካለ፣ ክፍያውም ከደረሰና ወኪሉ በአንድ የውክልና ድርጅት ፈቃድ ሥር የሚሠራ ከሆነ ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ይችላል፤ ከአሁን በኋላ ግን በቀጥታ ለኩባንያው ይክፈሉ። ውሉ እያለ ሻጩ ፈቃድ የሌለው ሆኖ ከተገኘ ክፍያውን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ አረቦን ሲቋረጥ ሽፋኑም ይቋረጣልና፣ የሻጩ ጥፋት በእርስዎ ላይ ሁለተኛ ጉዳት እንዳይሆን። ውሉ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልዎ ይጠይቁና ክፍያውን ወደ ኩባንያው ያዙሩ። ውሉ ከነጭራሹ ከሌለ ግን ለሰውየው አንድም ክፍያ አይጨምሩ፤ በዚያው ዕለትም ከሌላ ትክክለኛ ምንጭ ሽፋን ይግዙ፤ የጠፋውን ገንዘብ ማሳደድ ወራት ሲወስድ ንብረትዎ ያለ መድን መቆየት የለበትምና።

ሰውየውን አስቀድመው አይጠይቁት ያልሁት በእርሱ ላይ ፍርድ ሰጥቼ አይደለም። ጥፋተኛ ከሆነ ሲጠየቅ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር መልእክቶችን ማጥፋትና ስልክ መለወጥ ነው። ስለዚህ ከማንም ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የባንክ ማስተላለፊያዎችን፣ ደረሰኞችን፣ የተላኩ መልእክቶችንና የሰነዱን ሁለቱንም ገጽ በቅጂ ያስቀምጡ፤ መቼ፣ የት፣ ማን ባለበት እንደተነጋገራችሁም ትውስታው ሳይጠፋ ይጻፉት። ከዚያ ለተቆጣጣሪው አካል ያመልክቱ፤ የወንጀል ምልክት ካለም ለፖሊስ። ሰውየውን መታወቂያ፣ ደረሰኝና ማኅተም አስይዞ ያሰማራው ኩባንያው ራሱ ከነበረ፣ የብዙ አገሮች ሕግ የውክልናው መቋረጥ ላልተነገረው ገዢ የሚያዳላበት መንገድ አለውና በኩባንያው የመጀመሪያ «አይመለከተንም» ተስፋ ቆርጠው አይመለሱ፤ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

በቅርቡ የገዙ ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ይወቁ፦ በብዙ አገሮች፣ በተለይ ለሕይወት መድን፣ ሰነዱ ከደረሰ በኋላ ገዢው ሐሳቡን ለውጦ ገንዘቡን የሚያስመልስበት ጊዜ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ10 እስከ 30 ቀን ነው። ማጣራቱን ከመግዛትዎ በፊት ካላደረጉት ቢያንስ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ እኔ ለአሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሙያ የሠራሁ የመድን ወኪል ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ስለ ውሉ እያስረዳኋት ሳለ ስልኳን አውጥታ፣ ፊት ለፊቴ፣ ለኩባንያዬ ደውላ «ይህ ሰው የእናንተ ነው?» ብላ ጠየቀች። ዝም አልሁ እንጂ ክብሬ ተነክቷል። እንደ እናንተ ያሉ ጽሑፎች ሐቀኛውንም ወኪል ተጠርጣሪ እያደረጉት አይመስላችሁም?

መልስ፦ ስሜትዎ ይገባኛል፤ አሥራ አንድ ዓመት ስም ለመገንባት አጭር ጊዜ አይደለም። ነገር ግን ደንበኛዋ ያንን ስም የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የመድን ሽያጭ መመሪያ፣ አገናኙ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በየትኛው መዝገብ እንደተመዘገበና ምዝገባው እንዴት እንደሚጣራ፣ እንዲሁም የሚሠራው ለደንበኛው ይሁን ለመድን ሰጪው፣ ሳይጠየቅ ለገዢው እንዲገልጽ ያስገድዳል። በዚያ መንገድ ሲታይ ደንበኛዋ ያደረገችው እርስዎ ሊሠሩላት የሚገባውን ሥራ ነው። ፊት ለፊትዎ መደወሏንም እኔ የምወስደው በበጎ ነው፤ የጠረጠረ ሰው ከሄዱ በኋላ ይደውላል፣ ወይም ጭራሽ ሳይደውል ይቀራል።

ከቀጣዩ ቀጠሮ ጀምሮ ውሉን ከማስረዳትዎ በፊት የፈቃድ ቁጥርዎን፣ የተፈቀደልዎትን የመድን ዓይነትና የፈቃዱን ማብቂያ ቀን የያዘ አንድ ወረቀት ይስጡ። የተቆጣጣሪውንና የኩባንያውን ስልክ ግን በላዩ ላይ አይጻፉ፤ «ቁጥራቸውን ራስዎ ፈልገው ይደውሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ» ይበሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ የራስዎን ስም በመዝገቡ ላይ ይፈልጉ። እድሳታቸውን በጊዜው ፈጽመው መዝገቡ ሳይታረም የቀረባቸው፣ የአባታቸው ስም በስሕተት የተጻፈባቸው፣ የጨመሩት የመድን ዘርፍ ያልሰፈረላቸው ወኪሎች ገጥመውኛል፤ ሁሉም ያወቁት በደንበኛ አፍ ነው። እርማቱ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ነገ ጠዋት ይጠይቁ።